የደም ካንሰርን አካሄድ የሚጠቁሙ አርኤንኤዎች፦ ፕሮቲን የማይሠሩት ሞለኪውሎች ምን ያህል ይነግሩናል?

ሥር በሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ (ሊምፎሳይት ከተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሚነሳ የደም ካንሰር) የተያዙ ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በተቀራራቢ የደም ቆጠራ ውጤት በሽታቸው ሊታወቅ ይችላል። አንዱ ምንም መድኃኒት ሳይወስድ፣ ደሙን በየጊዜው ብቻ እያስመረመረ ብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ሌላው ግን ወራት ሳይቆይ ንፍፊቶቹ አብጠው፣ የደም ማነስ ተከትሎት ሕክምና መጀመር ግድ ይሆንበታል። የበሽታው ስም አንድ ሆኖ ሳለ አካሄዱ ይህን ያህል የሚለያየው በካንሰር ሕዋሳቱ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የማይታይ ልዩነት ስላለ ነው፤ ያንን ልዩነት ቀድሞ የሚያሳይ ማናቸውም ሊለካ የሚችል ነገር የአካሄድ ጠቋሚ ይባላል። ባለፉት 20 ዓመታት ለዚህ ሥራ በብዛት ከታጩት ሞለኪውሎች መካከል ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎች፣ ማለትም ሕዋስ ከዲኤንኤው ገልብጦ የሚሠራቸው ግን ወደ ፕሮቲን የማይተረጎሙ ሞለኪውሎች፣ ይገኙበታል። ስለ እነርሱ የወጣው የምርምር ጽሑፍ እጅግ ብዙ ነው፤ በሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ያገኙት ቦታ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው፦ ሞለኪውሎቹ በእርግጥ ምን ይነግሩናል? ወደ ሐኪሙ ውሳኔ መድረስስ ለምን አቃታቸው?

የሰው ልጅ ዲኤንኤ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ጥንድ ፊደላት አሉት። ለፕሮቲን ሥራ መመሪያ የሚሰጡት ዘረ-መሎች 20,000 ገደማ ሲሆኑ፣ የፕሮቲኖቹን ቅንብር በቀጥታ የሚወስነው ክፍል ከጠቅላላው ዲኤንኤ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሕዋስ ግን ከቀረው ክፍል ብዙውን ወደ አርኤንኤ ይገለብጠዋል። የተገለበጠው ሁሉ ሥራ አለው ማለት አይደለም፤ በዚህ ነጥብ ላይ በተመራማሪዎች መካከል ያለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። የተወሰኑት ግን ሥራ እንዳላቸው፣ ሥራቸውም የሌሎች ዘረ-መሎችን ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሆነ በማያወላውል ማስረጃ ተረጋግጧል።

ከእነዚህ በደንብ የታወቁት ማይክሮ አርኤንኤዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 22 ያህል ፊደላት ብቻ ይኖሯቸዋል። መጀመሪያ የሚገለበጡት በረጅሙ ነው፤ ከዚያ በሕዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ድሮሻ የተባለ ኢንዛይም፣ ከኒውክሊየሱ ውጭ ደግሞ ዳይሰር የተባለ ሌላ ኢንዛይም ቆርጠው ያሳጥሯቸዋል። የመጨረሻው አጭር ክር አርጎኖት በሚባል ፕሮቲን ላይ ይቀመጥና ከእርሱ ጋር የሚገጣጠም ቅደም ተከተል ያለውን መልእክተኛ አርኤንኤ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሰውን ሞለኪውል፣ ይፈልጋል። ሲያገኘውም መልእክቱ እንዲፈርስ ወይም ወደ ፕሮቲን እንዳይተረጎም ያደርጋል። ግጥጥሙ ሙሉ መሆን ስለማያስፈልገው አንድ ማይክሮ አርኤንኤ በመቶዎች በሚቆጠሩ መልእክቶች ላይ ሊሠራ ይችላል። ለአካሄድ ጠቋሚነት ያለው ማራኪነትም ችግርም ከዚሁ ይመነጫል፤ አንድ ቁጥር ስለ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ ነገር ግን ስለ የትኛው እየተናገረ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ማይክሮ አርኤንኤ የተገኘው በ1993 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ያገኙትም ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በየራሳቸው ቤተ ሙከራ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ትል ላይ ሲመራመሩ ነው። ለሰባት ዓመታት ያህል ግኝቱ የዚያች ትል የግል ጉዳይ ይመስል ነበር። በ2000 ሌት-7 የተባለው ሁለተኛው ማይክሮ አርኤንኤ ይፋ ሆኖ ከትል እስከ ሰው ባሉ ብዙ እንስሳት ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ነው ሁኔታው የተለወጠው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2024 የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ፕሮቲን የማይሠሩት አርኤንኤዎች ሌሎቹ ሁለት ቤተሰቦች፣ ማለትም ረጃጅሞቹና ቀለበታማዎቹ፣ በአጭሩ ቢገለጹ ይበቃል። ከ200 ፊደላት የሚበልጡትና ፕሮቲን የማይሠሩት ረጃጅም አርኤንኤዎች ተብለው በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሥራቸው እጅግ የተለያየ ነው፤ አንዳንዶቹ ዲኤንኤውን የሚያሽጉና የሚከፍቱ ፕሮቲኖችን ወደ ተወሰነ ቦታ ይመራሉ፣ ሌሎቹ ማይክሮ አርኤንኤዎችን ይይዛሉ፣ የብዙዎቹ ሥራ ደግሞ ገና አልተለየም። ቀለበታማ አርኤንኤዎች ጫፋቸው ከጫፋቸው የተጋጠመ በመሆኑ፣ አርኤንኤን ከጫፉ ጀምረው የሚበሉት ኢንዛይሞች በቀላሉ አይደርሱባቸውም። ይህ ጥንካሬያቸው በደም ናሙና ውስጥ ለመለካት ምቹ ያደርጋቸዋል።

የማይክሮ አርኤንኤና የካንሰር ግንኙነት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በደም ካንሰር ነው። ሥር በሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ከተያዙት ሰዎች ከግማሽ በሚበልጡት የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ የ13ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ጥቂት ቁራጭ ይጎድለዋል። አንድ ቁራጭ በዚህን ያህል ብዛት ከጠፋ በውስጡ ካንሰርን የሚገታ ዘረ-መል መኖር አለበት ተብሎ ስለተገመተ፣ ተመራማሪዎች በዚያ ቦታ ፕሮቲን የሚሠራ ዘረ-መል ለዓመታት ፈለጉ፤ አሳማኝ የሆነ ግን አላገኙም። በ2002 ጆርጅ ካሊን፣ ካርሎ ክሮቼና ባልደረቦቻቸው መልሱ ፕሮቲን አለመሆኑን አሳዩ። በጠፋው ቁራጭ ውስጥ ሚር-15ኤ እና ሚር-16-1 የተባሉ ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች ነበሩ፤ ከተመረመሩት ታካሚዎችም በሁለት ሦስተኛ ገደማ ውስጥ እነዚህ ጠፍተው ወይም ቀንሰው ተገኙ። በ2005 ደግሞ ሁለቱ የሚያፍኑት ቢሲኤል2 የተባለውን ዘረ-መል መሆኑ ታወቀ። ቢሲኤል2 ሕዋስ ጊዜው ሲደርስ እንዳይሞት የሚከላከል ፕሮቲን ይሠራል፤ ማፈኛው ሲጠፋ ፕሮቲኑ ይበዛል፣ ሊምፎሳይቶቹም መሞት በሚገባቸው ጊዜ ሳይሞቱ ይከማቻሉ። በ2010 የታተመ የአይጥ ጥናት ይህንኑ የክሮሞሶም ክፍል ከአይጦች ላይ ሲያስወግድ አይጦቹ ከሰዎቹ ጋር የሚመሳሰል በሽታ ያዙ። በነገራችን ላይ በ2016 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የሚያጠቃው ይህንኑ የቢሲኤል2 ፕሮቲን ነው፤ መድኃኒቱ ግን የማይክሮ አርኤንኤ ምርምር ልጅ አይደለም፣ ቢሲኤል2 በሊምፎማ (በሊምፎሳይቶች እባጭ ካንሰር) ጥናት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነበርና።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተሟላ ይመስላል፦ መንስኤው ተገኘ፣ አሠራሩ ተብራራ፣ በእንስሳት ተረጋገጠ። ታዲያ ሚር-15ኤ እና ሚር-16-1 የጠፉበት ሰው በሽታው ይከፋበታል ማለት ነው? አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በ2000 በጀርመን ተመራማሪዎች የታተመና እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ጥናት ታካሚዎችን በክሮሞሶም ለውጣቸው ሲከፋፍል፣ የ13ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ብቻውን የጎደላቸው ሰዎች አማካይ የመኖር ዘመን 133 ወር ነበር፤ ይህም ከሁሉም ቡድኖች ረጅሙ ነው። የ17ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ የጎደላቸው ግን አማካያቸው 32 ወር ብቻ ነበር። ቁጥሮቹ ከአዲሶቹ መድኃኒቶች በፊት የነበረውን ዘመን የሚያሳዩ ቢሆኑም ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። በሽታውን የሚያስጀምረው ለውጥና በሽታውን የሚያከፋው ለውጥ የተለያዩ ናቸው። በእኔ አመለካከት በዚህ መስክ ውስጥ አንባቢን የሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ነገር የለም፤ አንድ ሞለኪውል በካንሰሩ ሥር ውስጥ እጁ እንዳለበት የሚያሳይ ጥናት ሲወጣ፣ ሞለኪውሉ የታካሚውን ዕጣ እንደሚናገር ያለ ማስረጃ ይደመደማል።

በዚሁ በሽታ ላይ የአካሄድ ጠቋሚነት ይበልጥ የቀረቡት ሌሎች ናቸው። በ2005 የታተመ ሥራ 13 ማይክሮ አርኤንኤዎች በአንድነት ሲታዩ በዝግታ የሚሄደውን በሽታ ከፈጣኑ እንደሚለዩ አሳየ፤ ልዩነቱም ቀደም ብለው ከሚታወቁ ሁለት ጠቋሚዎች፣ ማለትም ከፀረ እንግዳ አካል ዘረ-መል የለውጥ ሁኔታና ዛፕ-70 ከተባለው ፕሮቲን መጠን ጋር የተያያዘ ነበር። ሚር-34ኤ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። ይህ ማይክሮ አርኤንኤ የሚመረተው ቲፒ53 በተባለው የዲኤንኤ ጉዳት ተቆጣጣሪ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ቲፒ53 ሲበላሽ ሚር-34ኤ ይቀንሳል። በ2009 የታተመ ጥናት ግን ቲፒ53 ዲኤንኤው ላይ ምንም ጉድለት በማይታይባቸው አንዳንድ ታካሚዎች ውስጥም ሚር-34ኤ ዝቅ ብሎ፣ በሽታቸውም ለኬሞቴራፒ እምቢተኛ ሆኖ አገኘ። እዚህ ላይ ማይክሮ አርኤንኤው የዘረ-መል ምርመራው ያላየውን ነገር፣ ማለትም የመቆጣጠሪያው ሥርዓት በሌላ ቦታ መበጠሱን ጠቁሟል። ጥሩ ጠቋሚ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ቀድሞ የሚታወቀውን የሚደግም ሳይሆን በላዩ የሚጨምር።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ የተጻፈለት ሚር-155 ነው። የሚገኘው ቢአይሲ በተባለ ፕሮቲን የማይሠራ ዘረ-መል ውስጥ ሲሆን፣ በጤናማ ሰው ሊምፎሳይቶች በኢንፌክሽን ወይም በክትባት ሲነቁ መጠኑ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል። ትልልቅ የቢ ሕዋሳት (የሊምፎሳይት ዓይነት) በተሠራጩበት ሊምፎማ፣ በሆጅኪን ሊምፎማና በሥር ሰደድ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ግን ከፍ እንዳለ ይቀራል። በ2006 በቢ ሕዋሳቸው ውስጥ ሚር-155 እንዲበዛ የተደረጉ አይጦች የደም ካንሰር እንደሚይዛቸው መታየቱ፣ አንድ ማይክሮ አርኤንኤ ብቻውን ካንሰር ማስነሳት እንደሚችል ከሚያሳዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። በ2013 የታተመ ሥራ ደግሞ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በፕላዝማ (ሕዋሳት በተለዩበት የደም ፈሳሽ) ውስጥ ሚር-155 ከፍ ያለባቸው የሥር ሰደድ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ታካሚዎች በኬሞቴራፒና ሪቱክሲማብ በተባለው የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒት ቅንጅት በሽታው ሙሉ በሙሉ የመሸሽ ዕድላቸው አነስተኛ እንደነበር አሳየ። የሚር-155 ድክመት ግን ከተፈጥሮው ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ጉንፋን ወይም የቆየ ቁስል ያለበት ሰው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትም ይህንኑ ሞለኪውል ያመርታሉ።

በአጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ፣ ማለትም በፍጥነት በሚያድግ የመቅኔ ሕዋሳት ካንሰር፣ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የአካሄድ ትንበያው በቀጥታ ውሳኔ ይወስናል። አደጋው ዝቅተኛ ነው የተባለ ታካሚ በኬሞቴራፒ ብቻ ሊታከም ይችላል፤ አደጋው ከፍተኛ ነው የተባለ ታካሚ አቅሙ ከፈቀደ ወደ መቅኔ ንቅለ ተከላ ይመራል፣ ንቅለ ተከላውም ራሱ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ሕክምና ነው። ከአዋቂ ታካሚዎች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ክሮሞሶሞቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጤናማ ስለሚመስሉ፣ ይህ ቡድን ተጨማሪ መለያ በጣም ያስፈልገዋል። በ2008 የታተመ ጥናት በዚህ ቡድን ውስጥ የሚር-181 ቤተሰብ ከውጤት ጋር መያያዙን አሳየ፤ ቀጥለው የመጡ ሥራዎችም ሚር-181ኤ ከፍ ያለባቸው ታካሚዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ደጋገሙት። ሚር-3151 በተቃራኒው የመጥፎ አካሄድ ምልክት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሞለኪውል የተቀመጠው ቢኤኤኤልሲ በተባለ ዘረ-መል ውስጥ ሲሆን፣ ዘረ-መሉ ራሱ ቀድሞ የመጥፎ አካሄድ ጠቋሚ ተብሎ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ክፉው ዘረ-መሉ ነው ወይስ በሆዱ የተሸከመው ማይክሮ አርኤንኤ የሚለው ጥያቄ ለብቻው መመርመር ነበረበት።

ወደ ረጃጅሞቹ አርኤንኤዎች ስንመጣ፣ በ2014 ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆኑ፣ ክሮሞሶማቸው ጤናማ በሚመስል የአጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት 48 ረጃጅም አርኤንኤዎችን ወደ አንድ ነጥብ አጠቃልሎ ታካሚዎቹን በሁለት የተለያየ ውጤት ባላቸው ቡድኖች ከፈለ። በ2018 የወጣ ሌላ ሥራ በአራት ብቻ ተመሳሳይ ክፍፍል ለማድረግ ሞክሯል። ሁለተኛው መንገድ ለሆስፒታል ቤተ ሙከራ ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል፤ 48 ሞለኪውሎችን በትክክል ለክቶ በአንድ ቀመር ማስላት በምርምር ማእከል የሚቻለውን ያህል በየዕለቱ ሥራ ላይ አይቻልም።

ይህ ሁሉ እያለ፣ በ2022 የታደሰው የአውሮፓ ሉኪሚያ ኔት (የሉኪሚያ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ትስስር) ምደባ አጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያን ጥሩ፣ መካከለኛና መጥፎ ብሎ ሲከፍል የሚጠቀመው በክሮሞሶም ለውጦችና እንደ ኤንፒኤም1፣ ኤፍኤልቲ3፣ ሲኢቢፒኤና ቲፒ53 ባሉ ዘረ-መሎች ለውጥ ነው። አንድም ማይክሮ አርኤንኤ ወይም ረጅም አርኤንኤ በመለያነት አልገባም። ይህ የመመሪያ አዘጋጆች ቸልተኝነት አይደለም። ለምሳሌ ኤንፒኤም1 የተለወጠበት ሉኪሚያ ሚር-10ኤ፣ ሚር-10ቢና ሚር-196ቢን ከፍ አድርጎ የማሳየት ባሕርይ አለው። እነዚህን ሞለኪውሎች የለካ ጥናት ከውጤት ጋር ዝምድና ማግኘቱ አይቀርም፤ ዝምድናው ግን የኤንፒኤም1 ጥላ ሊሆን ይችላል፣ ጥላውን ደግሞ ባለቤቱን ያየ ሰው አይፈልገውም። ኤንፒኤም1 በአንድ ቀላል ምርመራ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ይሰጣል፤ ማይክሮ አርኤንኤው የሚሰጠው ከዜሮ እስከ ብዙ የሚዘልቅ መጠን ነው፣ የቱ ላይ ከፍተኛ እንደሚባል ደግሞ አንድ ሰው መወሰን አለበት።

በመልቲፕል ማየሎማ (ፀረ እንግዳ አካል በሚያመርቱ የመቅኔ ሕዋሳት ካንሰር) የተሞከረው መንገድ ለየት ይላል። የማየሎማ ሕዋሳት በመቅኔ ውስጥ ተበታትነው ስለሚኖሩ አንድ የመቅኔ ናሙና ሁሉንም አይወክልም፤ ናሙናውን መውሰዱም ያሳምማል። በደም ውስጥ ግን ሕዋሳት የሚለቋቸው ኤክሶዞም የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይዘዋወራሉ፣ በውስጣቸውም ማይክሮ አርኤንኤ አለ። በ2017 የታተመ ጥናት ሕክምና ገና ባልጀመሩ 156 ታካሚዎች ኤክሶዞሞች ውስጥ ሌት-7ቢ እና ሚር-18ኤ መቀነሳቸው ከአጭር ዕድሜና ቶሎ ከሚያገረሽ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፤ ዝምድናውም ከተለመደው የበሽታ ደረጃና ከክሮሞሶም ለውጦች ጋር አብሮ ሲሰላ አልጠፋም። ካነሳኋቸው ሥራዎች ሁሉ ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ ነው፤ የሚለካው ነገር በቀላሉ የሚደርሱበት ደም ውስጥ ነው፣ ቀድሞ በነበሩት ጠቋሚዎች ላይ መጨመሩም ተፈትሿል። በደም ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ በሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ የሚንሳፈፉ ማይክሮ አርኤንኤዎች ለካንሰር ጠቋሚነት የታሰቡት ግን ከዚያ ቀድሞ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች አንዱ በ2008 ትልልቅ የቢ ሕዋሳት በተሠራጩበት ሊምፎማ ላይ ወጥቶ ሚር-155፣ ሚር-210 እና ሚር-21 በታካሚዎች ሴረም ውስጥ ከፍ ማለታቸውን ዘግቧል።

ደም ቀላል ናሙና ይመስላል እንጂ ለማይክሮ አርኤንኤ ቀላል አይደለም። ቀይ የደም ሕዋሳት በሚር-451 እና በሚር-16 የተሞሉ ናቸው፤ ደሙ ሲቀዳ በመርፌው ጥበት ወይም በመንቀጥቀጥ ጥቂቶቹ ቢፈነዱ፣ በፕላዝማው ውስጥ የሚለካው መጠን ከካንሰሩ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ይዘላል። የሚገርመው፣ ብዙ ጥናቶች ሌሎችን ማይክሮ አርኤንኤዎች ለመለካት እንደ ቋሚ ማነጻጸሪያ የተጠቀሙበት ይኸው ሚር-16 ነው፤ በሥር ሰደድ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ የሚጠፋው ሞለኪውል ማለት ነው። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ሄፓሪን ከሆነ አርኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ያውካል፤ ስለዚህ ኢዲቲኤ ያለው ቱቦ ይመረጣል። ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የሕዋስ ቁራጮች) ደግሞ ሚር-223 እና ሚር-126ን በብዛት ስለሚይዙ፣ ናሙናው በደንብ ካልተሽከረከረ ፕላዝማው ውስጥ የቀሩት ፕሌትሌቶች ውጤቱን ይለውጡታል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በደም ካንሰር ላይ ልዩ ክብደት አለው። በአጣዳፊ ሉኪሚያ የፕሌትሌት ብዛት ራሱ ያሽቆለቁላል፤ በፕላዝማ ውስጥ ሚር-223 መቀነሱ ሉኪሚያው ምን እያደረገ እንደሆነ ሳይሆን ፕሌትሌቶቹ ማነሳቸውን ብቻ ሊናገር ይችላል፣ ያንን ደግሞ ተራ የደም ቆጠራ በደቂቃዎች ይነግረናል።

የመቅኔ ናሙናም ከዚህ አያመልጥም። በአንዱ ታካሚ መቅኔ ውስጥ ከመቶ 90 የካንሰር ሕዋስ፣ በሌላው 30 ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ናሙናዎች ሳይጣሩ ከተለኩ፣ የሚነጻጸረው የካንሰሩ ባሕርይ ሳይሆን የድብልቁ መጠን ነው።

ከዚያ በኋላ የስሌት ችግር ይመጣል። በሰው ውስጥ ከ1,900 የሚበልጡ የማይክሮ አርኤንኤ ምንጮች ተመዝግበዋል። አንድ ቡድን 1,000 የሚሆኑትን በ80 ታካሚዎች ላይ ለክቶ የትኛው ከዕድሜ ርዝመት ጋር እንደሚያያዝ ቢጠይቅ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መመዘኛ አንዱም እውነተኛ ዝምድና ባይኖረው እንኳ 50 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ዝምድና ያላቸው መስለው ይታያሉ። ከእነዚህ ውስጥ ምርጦቹን አንድ ላይ አዋህዶ ነጥብ መሥራት በእነዚያው 80 ታካሚዎች ላይ አስደናቂ ክፍፍል ይሰጣል። በሌሎች 80 ታካሚዎች ላይ ግን ክፍፍሉ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ይህን ለማረም የሚታወቁ ዘዴዎች አሉ፤ የብዙ ፈተና እርማት፣ በሌላ የታካሚዎች ቡድን ላይ ማረጋገጥ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚለየውን ወሰን ውጤቱን ከማየት በፊት መቁረጥ። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይጣሳል። ውጤቱን እያዩ ወሰኑን ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት የሁለቱን ቡድኖች የመኖር ዘመን በሚያሳዩት መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ያሰፋዋል፤ በኋላ የሚመጣ ቤተ ሙከራ ግን ያንን ወሰን የሚያገኝበት ምክንያት የለውም። ሪማርክ በሚል ስም በ2005 የወጣው የካንሰር ጠቋሚ ጥናቶች ሪፖርት መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያሉትን ጉድለቶች ለአንባቢ ግልጽ ለማድረግ ነበር።

ሕክምናው ራሱ መለወጡም አለ። ጠቋሚው የሚናገረው በአንድ ዘመን ሕክምና ውስጥ ስላለ አካሄድ ነው። የሥር ሰደድ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ጠቋሚዎች ብዙዎቹ የተፈተኑት ኬሞቴራፒ ዋናው ሕክምና በነበረበት ጊዜ ነው፤ ኢብሩቲኒብና ቬኔቶክላክስ ከመጡ ወዲህ ለኬሞቴራፒ እምቢተኝነትን የሚጠቁም ሞለኪውል ዋጋው እንደገና መመዘን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ልዩነት አለ። የአካሄድ ጠቋሚ የሚለው ምንም ዓይነት ሕክምና ቢሰጥ በሽታው ከባድ ወይም ቀላል መሆኑን ነው፤ የምላሽ ጠቋሚ የሚለው ይህኛው መድኃኒት ከዚያኛው ይሻላል ነው። ሁለተኛውን ለማረጋገጥ ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ሕክምናዎች የተመደቡበት ሙከራ ያስፈልጋል፤ በአንድ ሕክምና ላይ ብቻ የነበሩ ሰዎችን ናሙና ከማቀዝቀዣ አውጥቶ መለካት አይበቃም። ስለዚህ ታካሚ የሆነ ሰው የማይክሮ አርኤንኤ ምርመራ ቢቀርብለት ሐኪሙን መጠየቅ የሚገባው ውጤቱ ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል የሕክምናው እቅድ በምን እንደሚለወጥ ነው። በምንም የማይለወጥ ከሆነ ምርመራው ለጊዜው የምርምር ጉዳይ ነው።

አንዳንዶች የመዘግየቱን ምክንያት በአርኤንኤ ተሰባሪነት ያሳብባሉ። ይህ አያሳምነኝም፤ አርኤንኤን በየጊዜው እየለካ ሕክምናን የሚመራ ምርመራ በደም ካንሰር ውስጥ አስቀድሞ አለና። ሥር በሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ተለዋውጠው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ጥምር ዘረ-መል ይፈጥራሉ፤ ከዚህ ጥምር የሚወጣው መልእክተኛ አርኤንኤ በታካሚው ደም ውስጥ በየሦስት ወሩ ገደማ ይለካል። እንደ ኢማቲኒብ ያለ መድኃኒት እየሠራ መሆኑ፣ መቀየር እንዳለበት፣ በአንዳንድ ታካሚዎችም መድኃኒቱን ማቆም መቻሉ የሚወሰነው በዚሁ ቁጥር ነው። ይህ አርኤንኤ ፕሮቲን የሚሠራ ዓይነት ነው፤ በቱቦ ውስጥ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ተሰባሪ አይደለም። የተለየው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ጥምሩ በሚለካ መጠን የሚገኘው በካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ ጉንፋንም ሆነ የፈነዳ ቀይ የደም ሕዋስ ከፍ አያደርገውም። ሁለተኛ፣ በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ውጤታቸውን ወደ አንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚቀይሩበት ስምምነት ተደርሶ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 የማነጻጸሪያ ናሙና አጽድቆለታል። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ የቁጥር ደረጃ የሚከተል የታወቀ እርምጃ አለ።

ለሚር-155 ወይም ለሚር-181ኤ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ማሟላት አይቻልም፤ ጤናማ ሕዋሳትም ያመርቷቸዋልና። ቀለበታማ አርኤንኤዎች በዚህ በኩል ዕድል ያላቸው ይመስላል፤ በ2016 እንደ ፒኤምኤል-ራራ ካሉ ጥምር ዘረ-መሎች የሚወጡ፣ ስለዚህም ጤናማ ሕዋስ ሊያመርታቸው የማይችላቸው ቀለበታማ አርኤንኤዎች በሉኪሚያ ሕዋሳት ውስጥ መኖራቸው ታይቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መሥፈርት ግን የተፈጥሮ ሳይሆን የሥራ ጉዳዮች ናቸው። የጋራ ማነጻጸሪያ ናሙና ማዘጋጀት፣ ወሰኑን ቆርጦ ማስታወቅ፣ ከዚያም ከተጠናቀቁ ትልልቅ የሕክምና ሙከራዎች የተቀመጡ ናሙናዎችን አውጥቶ የ2022ቱን ምደባ ከነማይክሮ አርኤንኤውና ያለ ማይክሮ አርኤንኤው ጎን ለጎን ማስላት ይጠይቃሉ። መካከለኛ ተብለው ከተመደቡት ታካሚዎች ውስጥ ስንቶቹ በተጨማሪው ቁጥር ምክንያት ወደ ጥሩው ወይም ወደ መጥፎው ቡድን በትክክል እንደሚዛወሩ የሚያሳየው ይህ ስሌት ነው።